የተጣበቀ ጎማ፣ ያልታየ ፍሬን

ክረምቱ ወጥቶ መስቀል ሲቃረብ ቡታጅራ ውስጥ ከጋራዥ ደጃፍ የሚሰማው የመዶሻ ድምፅ ነው። ባጃጁ በክሪክ ከፍ ብሎ ከሥሩ ድንጋይ ተወትፎበታል። ብሎኖቹ ተፈትተው ጆንያ ላይ ተቀምጠዋል። ጎማው ግን ከቦታው ንቅንቅ አላለም። አንዱ በእግሩ ይረግጠዋል፤ ሌላው በእንጨት ይመታዋል፤ ሦስተኛው እጁን ኪሱ ከትቶ ምክር ይሰጣል። ምክር የሚሰጠው ምንጊዜም እጁ ግራሶ ያልነካው ሰው ነው።

እንዲህ ሲሆን «እምቢ አለ» ይባላል። አማርኛ ለማሽን ፈቃድ ይሰጣል፤ ባትሪ «ይሞታል»፣ ሞተር «አልነሣም ይላል»፣ ጎማ «እምቢ ይላል»። አባባሉ ያምራል፤ ነገር ግን ጥፋተኛውን ይሸሽጋል። ጎማ እምቢ አይልም። ባለፈው ሲገጠም ግራሶ ሳይቀባ በደረቁ የገጠመው ሰው አለ። ከዚያ ወዲህ ለወራት ሳያስከፍት የነዳው ሰው አለ። ያን ሁሉ ጊዜ የቀን ገቢውን ሲቀበል «መቼ ነው የተከፈተው?» ብሎ ያልጠየቀ ባለንብረትም አለ።

ጉዳዩ የጋራዥ ጉዳይ ብቻ ቢሆን ኖሮ ስለ ምንዛሪና ስለ ምርጫ ለሚያነብ ሰው ማቅረቡ ትርፍ በሆነ ነበር። ከዚያ ጎማ በስተጀርባ ግን ፍሬን አለ። ጎማው አልወጣም ማለት ፍሬኑ አልታየም ማለት ነው። ፍሬኑ ያልታየ ባጃጅ ደግሞ ጠዋት ተማሪ፣ ከሰዓት ነፍሰ ጡር፣ ማታ ገበያተኛ ይጭናል።

አሠራሩን ማወቅ ይጠቅማል። በከተሞቻችን በብዛት የሚታየው ባጃጅ የኋላ ፍሬኑ የታምቡር ፍሬን ነው። ቸርኬው በብሎን ከታምቡሩ ጋር ይታሰራል። ታምቡሩ ደግሞ ጎማውን በሚያዞረው ዘንግ፣ መካኒኮች ሰሚያስ በሚሉት፣ ጥርስ ባለው ጫፍ ላይ ይሰካል። ከላዩ ትልቅ ዳዶ ይጠብቅበታል፤ ዳዶው በጉዞ ላይ እንዳይፈታ ኮፒሊያ የምትባል ባለሁለት እግር ሽቦ ትገባበታለች። የፍሬን ሸራዎቹ፣ ሸራዎቹን በዘይት ግፊት የምትከፍተው ትንሿ ሲሊንደር፣ መላሽ ሞላዎቹ፣ ሁሉም ያሉት በዚህ ታምቡር ውስጥ ነው። ሸራው ምን ያህል እንደቀረው፣ ሲሊንደሯ ታንጠባጥብ እንደሆነ ለማየት ቸርኬው ብቻ ሳይሆን ታምቡሩም መውጣት አለበት። አቋራጭ የለውም።

የሚጣበቀውም አንድ ቦታ ላይ ብቻ አይደለም። አንዳንዴ የያዘው ብሎኑ ራሱ ነው፤ ጥርሱ ዝጎ ወይም ከልክ በላይ ጠብቆ። አንዳንዴ ብሎኖቹ በሰላም ይወጡና የቸርኬው መሐል ከታምቡሩ ጋር በዝገት ተገናኝቶ ይቀራል። ከሁሉ የሚያስቸግረው ታምቡሩ ከሰሚያሱ ጥርስ ጋር ሲያያዝ ነው። አራተኛው ደግሞ ከዝገት ጋር ግንኙነት የለውም፦ ሸራው ለዓመታት ታምቡሩን ከውስጥ እየፋቀ ጉድጓድ ይሠራል፣ ጠርዙ ላይ ከንፈር ይቀራል፣ ታምቡሩ ሊወጣ ሲል ያ ከንፈር ሸራውን ይይዘዋል። ይህን ያላወቀ ሰው ሙሉ ቀን በመዶሻ ሲደበድብ ውሎ የሚሰብረው የገዛ ሸራውን ነው። በነገራችን ላይ አምስተኛም አለ፤ የእጅ ፍሬኑን ሳይለቁ መታገል። ይስቁበታል እንጂ ሁሉም ጋራዥ ቢያንስ አንዴ ደርሶበታል።

ስለ ዝገት ብዙ ሰው የሚስተው ነገር፣ ብረቱን እየበላ የሚያሳሳው ብቻ ይመስለዋል። ዝገት የሚይዘው ቦታ ከበላው ብረት ቦታ በጣም ይበልጣል። ሁለት ብረቶች ተጠጋግተው በተቀመጡበት፣ ፀጉር በማያስገባ ክፍተት ውስጥ ሲፈጠር መስፋፊያ ስለሌለው ሁለቱን እርስ በርስ ያጣብቃል። እንጨት ፈላጭ ግንዱ ውስጥ ሽብልቅ እንደሚመታው ማለት ነው፤ ልዩነቱ ይህ ሽብልቅ ዙሪያውን መሙላቱና ማንም ሳያየው ሌት ተቀን መሥራቱ ነው።

ቡታጅራ ለዚህ የተመቸች ከተማ ናት። ከባሕር ወለል ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ፣ በዘቢዳር ተራራ ግርጌ ተቀምጣለች። ክረምት ላይ ከተራራው የሚወርደው ውኃ መንገዱን ጭቃ ያደርገዋል፤ በጋ ላይ ያው ጭቃ አቧራ ሆኖ በየስንጥቁ ይገባል። በዚያ ላይ ባጃጅ ነጂ ንጹሕ ሰው ነው፤ ጭቃ ተለቅልቆ ማደር አይወድም። ማታ ማታ ታጥቦ፣ ውኃው ከታምቡሩ ሳይደርቅ ቆሞ ያድራል። ጠዋት ሲነሣ ከኋላ የምትሰማው «ጧ» የምትል ድምፅ በሌሊት ዝጎ የተጣበቀው ሸራ ከታምቡሩ ሲላቀቅ ነው። ብዙ ነጂ ያን ድምፅ ያውቀዋል፤ ከቁም ነገር የሚቆጥረው ግን ጥቂቱ ነው።

ታዲያ እንዴት ይወጣል? እዚህ ላይ ትዕግሥት ከጉልበት ይበልጣል። ልምድ ያለው መካኒክ መዶሻ ከማንሣቱ በፊት የሚያደርጋቸው ነገሮች አሉ። ጎማው መሬት እንደነካ ብሎኖቹንና ትልቁን ዳዶ ያላላል፤ ባጃጁ ተነሥቶ በአየር ላይ እያለ ጎማው ስለሚዞር ጠባቂ ዳዶ አይፈታም። የእጅ ፍሬኑን ይለቃል። ማስተካከያ ያለው ከሆነ ሸራዎቹን ወደ ውስጥ ይመልሳል። ዝገቱን በሽቦ ብሩሽ ይፍቅና በመገጣጠሚያው ላይ ዝገት አላቃቂ ዘይት ጠብ ጠብ ያደርጋል። ከዚያ ይተወዋል። አዎ፣ ይተወዋል። ዘይቱ ወደ ውስጥ የሚሰርገው በሰዓታት እንጂ በደቂቃ አይደለም፤ ማታ ተቀብቶ ጠዋት የሚሞከር ጎማ ማታውኑ ከተደበደበው ጎማ ቀድሞ ይወጣል። ዘይቱ በብዛት የሚደፋ ግን አይደለም፤ ሸራው ላይ የደረሰ ዘይት ፍሬኑን ከጎማው መጣበቅ የባሰ አደጋ ያደርገዋል።

ቸርኬው ብቻ ከያዘ ከኋላው በኩል፣ ጣውላ ጣል አድርጎ፣ ጎማውን እያዞሩ ዙሪያውን መምታት ነው። አንድ ቦታ ላይ አሥር ጊዜ መምታት ቸርኬውን ያጣምመዋል፤ አሥር ቦታ ላይ አንድ አንድ ጊዜ መምታት ያላቅቀዋል። ታምቡሩ ከያዘ ግን የመዶሻ ዘመን አብቅቷል። ታምቡር የሚሠራው ከቀለጠ ከተቀዳ ብረት ነው፤ ይህ ብረት ጠንካራ ነው፣ ግን አይታጠፍም፤ ሲመታ ይሰነጠቃል። ስንጥቁም ወዲያው ላይታይ ይችላል። የሰሚያሱን ጫፍ በመዶሻ መምታትም እንዲሁ ነው፤ ጥርሱ ይደፈጠጥና ዳዶው ተመልሶ አይገባም። ለዚህ የተሠራው መሣሪያ ፑለር ነው፦ ታምቡሩን የሚይዙ ክንዶችና መሐል ላይ ሰሚያሱን የሚገፋ ረጅም ብሎን። ዳዶው እስከ ጫፉ ተመልሶ ጥርሱን እንዲከልል ይደረጋል፤ ፑለሩ ይጠብቃል፤ ትንሽ ይቆያል፤ የብሎኑ ራስ በመዶሻ ቀስ ብሎ ይመታል፤ እንደገና ይጠብቃል። ሲላቀቅ ጥይት የመሰለ ድምፅ ያሰማል። ዳዶው ጫፉ ላይ ካልቀረ ታምቡሩ ዘሎ እግር ላይ ይወድቃል።

እሳትም ይሞከራል። ብረት ሲሞቅ ስለሚሰፋ ዘዴው ስሕተት የለበትም። ነገር ግን ጎማው ነፋስ እንደያዘ ቸርኬውን በእሳት ማጋል ሰው የገደለ አሠራር ነው፤ ውስጡ ያለው ጎማ ሲጋል የሚፈጥረው ጋዝ ሊፈነዳ ይችላል። ነፋሱ ሳይለቀቅ እሳት የሚያነሣ ጋራዥ ያየ ሰው ቢሸሽ ይሻለዋል።

የእነዚህ ዕቃዎች ስም ራሱ ታሪክ አለው። ጎማ፣ ፍሬን፣ ክሪክ፣ ካቻቪቴ፣ ፒንሳ፣ ኩሽኔታ፣ ሞርሳ፤ ሁሉም ከጣልያንኛ የመጡ ናቸው። ባጃጁ ግን ከህንድ ነው የመጣው። የሚገርመው፣ ዘሩን ወደ ኋላ ቢቆጥሩት እሱም እዚያው ጣልያን ይደርሳል። ፒያጆ የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1948 ባለሦስት እግር ጭነት ማመላለሻ ሠርቶ «አፔ» ብሎ ሰየመው፤ ንብ ማለት ነው። የህንዱ ባጃጅ ደግሞ ከፒያጆ ፈቃድ ወስዶ ነው ባለሁለትና ባለሦስት እግሮቹን መሥራት የጀመረው። ስለዚህ የንቧ የልጅ ልጅ በህንድ በኩል ዞራ ቡታጅራ ስትደርስ፣ የአካሏ ስሞች ከእሷ ቀድመው በአማርኛ ጋራዥ ውስጥ ተቀምጠው ጠበቋት። ስሞቹ በብዛት አሉ። ፑለሩ ግን በየጋራዡ የለም፤ ካለም አንድ ነው፣ ተውሶ የወሰደው ሰው አልመለሰውም።

የተጣበቀ ጎማ የድሃ አገር ችግር ብቻ እንዳይመስል። በሚኒሶታና በካናዳ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን በረዶ መጥረጊያ ማሽን ያውቃሉ፤ በሁለት ጎማ የሚገፋ፣ በረዶውን እየዛቀ ወደ ጎን የሚተፋ። ያም ማሽን ጎማው ከዘንጉ ጋር ይጣበቃል፤ መንገድ ላይ የሚበተነው ጨውና የበረዶው ውኃ ይበላዋል፣ ከዚያ በጋውን ሙሉ ጥግ ላይ ቆሞ ይከርማል። ጎማው ተንፍሶ ሊቀየር ሲፈለግ አይወጣም። መፍትሔውም ያው ነው፤ ዘይት፣ ትዕግሥት፣ ፑለር፣ ሲመለስ በዘንጉ ላይ ስስ ግራሶ። ልዩነቱ በረዶ መጥረጊያ ላይ ሰው አይሳፈርም። ጎማው ባይወጣ ደጁ በበረዶ ተዘግቶ ይውላል፤ ከዚያ ያለፈ ነገር የለም።

ቡታጅራ ላይ ግን የሚሆነው ሌላ ነው። ወጣቱ ነጂ ወደ ጋራዥ የሚመጣው «ጋሼ፣ ስይዘው ይንጫጫል» ብሎ ነው። መካኒኩ ቸርኬውን ያወጣል፤ ታምቡሩ አይወጣም። ሁለት ጊዜ ይመታዋል፤ አሁንም አይወጣም። «ተለጥፏል። ይደር ካልክ ነገ አወጣልሃለሁ፤ ካልሆነ ፍሬኑን ከውጭ ጠበቅ ላርግልህና ሥራህን ሥራ» ይለዋል። ነጂው ሰዓቱን ያያል። ይደር ካለ የዛሬ ቀሪና የነገ ግማሽ ቀን ሄደ፤ የቀን ገቢው ግን አይቀርለትም። «ጠበቅ አርግልኝ፣ ከመስቀል በኋላ እመጣለሁ» ይላል። ይኸው ነው። ማንም አልዋሸም፤ ማንም ክፉ አላሰበም። ሸራው ግን ሊያልቅ የቀረው የሁለት ሚሊ ሜትር ዕድሜ ሊሆን ይችላል። ከዚያ በኋላ ብረት ብረትን ይነካል፤ ሲሊንደሯም ከልክ በላይ ተለጥጣ ዘይቷን ትለቃለች። የዚያን ቀን ፔዳሉ ወለል ይነካል።

ጊዜውም የከፋ ነው። መስቀል ማለት ጉራጌ ከመርካቶም ከየትም ወደ አገሩ የሚገባበት ነው፤ ለሙስሊሙ ደግሞ አረፋ እንዲሁ ነው። ለነጂው የዓመቱ ገቢ የሚሰበሰበው በእነዚያ ቀናት ነው። ለሦስት ተሳፋሪ በተሠራ ባጃጅ አምስት ሰው፣ በላዩ ሻንጣ፣ አንዳንዴም በግ ይጫናል። ዋናው መንገድ የአዲስ አበባና የሆሳዕና አውቶቡስና ጭነት መኪና የሚያልፍበት መንገድ ነው፤ ባጃጁ የሚሽሎከለከለው በእነሱ መካከል ነው። አራት ወር ጭቃ የጠጣ ፍሬን ከፍተኛውን ጭነት የሚሸከመው በዚህ ሳምንት ነው። ለምርመራ ከዚህ የተሻለ ጊዜ የለም፤ ማንም የማይመረምረው ግን ልክ በዚህ ጊዜ ነው።

ነጂውን መውቀስ ቀላል ነው። ብዙዎቹ ባጃጁ የእነሱ አይደለም። ባለንብረቱ በየቀኑ የተወሰነ ብር ይቀበላል፤ ነዳጁ የነጂው ነው፤ ከዚያ የተረፈው ነው የነጂው ደመወዝ። ባጃጁ ጋራዥ በዋለ ቀን ማን ይከስራል የሚለው ብዙውን ጊዜ በቃል ነው የሚወሰነው፣ በቃል የተወሰነ ነገር ደግሞ በደካማው ላይ ይወድቃል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪ ተመኑን ለገበያ ከለቀቀ በኋላ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። መለዋወጫ ከውጭ ነው የሚመጣው። ቤንዚንም በ2017 በሊትር ከ100 ብር በላይ ሆነ። ወጪው እንዲህ ሲጨምር ከነጂው ሒሳብ መጀመሪያ የሚቀነሰው ያልተበላሸ ነገር ነው፤ ፍሬን ደግሞ እስኪበላሽ ድረስ ያልተበላሸ ነው።

ባለንብረቱም ሀብታም ላይሆን ይችላል። አዲስ አበባ ያለ ወንድሙ ልኮለት የገዛ፣ ወይም ዕቁብ ወጥቶለት የገዛ፣ በአንድ ባጃጅ ልጆቹን የሚያስተምር ሰው ብዙ ነው። ይህ ግን ኃላፊነቱን አያነሣለትም። ንብረቱ የእሱ ነው፤ ትርፉም የእሱ ነው፤ የጎማው መከፈት የእሱ ጉዳይ ካልሆነ የማንም ሊሆን አይችልም። ከዓመቱ ቀናት ሁለቱን፣ አንዱን ከክረምት በፊት አንዱን ከክረምት በኋላ፣ «ዛሬ ገቢ የለብህም፣ ጎማውን አስከፍተህ ፍሬኑን አሳየኝ» ማለት የሚያከስረው የሁለት ቀን ገቢ ነው። ታምቡር ሲሰነጠቅ፣ ሰሚያስ ሲበላሽ ከሚወጣው ጋር አይወዳደርም። ከሰው ሕይወት ጋር ማወዳደሩማ ነውር ነው።

መንግሥትስ? ተሽከርካሪ በየዓመቱ መመርመር እንዳለበት አዋጅ ቁጥር 681/2002 ይደነግጋል፤ ቦሎ የሚለጠፈው ለዚህ ነው። ነገር ግን ተለጣፊው ወረቀት ጎማ አይከፍትም። መብራት በርቷል ወይ፣ ጥሩንባው ይሠራል ወይ፣ ሲያዝ ይቆማል ወይ ብሎ የሚያልፍ ምርመራ፣ በዚያች ደቂቃ መቆሙን እንጂ ከወር በኋላ ምን ሊቀረው እንደሚችል አይናገርም። ባዶ ባጃጅ በዝግታ ሜዳ ላይ ሲያዝ በሞተ ሸራም ይቆማል። የሦስተኛ ወገን መድን አለ ይባላል። እርግጥ አለ፤ አዋጅ ቁጥር 799/2005 ግዴታ አድርጎታል። አዋጁ ሲወጣ ለአንድ ሰው ሞት ያስቀመጠው የካሳ ጣሪያ 40,000 ብር ነበር። ቁጥሩን ማንበብ በቂ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው የመንገድ ደኅንነት ሪፖርት በኢትዮጵያ ከ100,000 ሰው 26.7 ያህሉ በዓመት በመንገድ አደጋ እንደሚሞት ገምቶ ነበር። ከእነዚህ ውስጥ ስንቱ በፍሬን እንደሆነ ከአደጋ በኋላ ታምቡር ካልተከፈተ አይታወቅም። «ፍሬን እምቢ ብሎት» የሚለው ቃል መዝገብ ላይ ሰፍሮ ይዘጋል። እንደገና እምቢታው የማሽኑ ሆነ። ቡታጅራ ለመቁጠር እንግዳ የሆነች ከተማ አይደለችም። እ.ኤ.አ. ከ1986 ጀምሮ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከስዊድኑ ኡሚዮ ዩኒቨርሲቲ ጋር በከተማዋና በዙሪያዋ ባሉ ቀበሌዎች ቤት ለቤት እየሄደ ማን እንደተወለደ፣ ማን በምን እንደሞተ ሲመዘግብ ኖሯል፤ ስሟ በዓለም የጤና ምርምር መጽሔቶች የታወቀው በዚህ ነው። የሰው ሞት እንዲህ በጥንቃቄ በተቆጠረበት አገር የፍሬን ሸራ ውፍረት የሚመዘግብ አንድ ደብተር መግዛት ከባድ አይሆንም።

ደብተሩ ደግሞ የት መቀመጥ እንዳለበት ግልጽ ነው፤ የባጃጅ ማኅበራቱ ጋ። ማኅበራቱ መስመር ይመድባሉ፣ ተራ ያስከብራሉ፣ መዋጮ ይሰበስባሉ፣ ታርጋ ቁጥር ያውቃሉ። ተራ ማስከበር የሚችል አካል «የመስከረም ምርመራ ያላደረገ ተራ አይዝም» ማለትም ይችላል። በመዋጮው ሁለት ጥሩ ፑለር ገዝቶ ለአባላት በፊርማ ማዋስ ለማኅበር ትልቅ ወጪ አይደለም። በከተማዋ አውቶሞቲቭ የሚማሩ ወጣቶችም አሉ፤ ከጥቁር ሰሌዳ ላይ ሥዕል ይልቅ በአንድ ሳምንት ውስጥ መቶ ታምቡር ቢከፍቱ ይበልጥ ይማራሉ፣ ከተማውም ይጠቀማል። አዲስ ቢሮ፣ አዲስ በጀት፣ አዲስ መዋቅር አያስፈልግም። ቡታጅራ የምሥራቅ ጉራጌ ዞን መቀመጫ ከሆነች ወዲህ የመዋቅር እጥረት የለባትም፤ እጥረቱ የፑለር ነው።

አንድ ተቃውሞ ይነሣል፤ የሚነሣውም ከመካኒኮች ነው። «ጎማ አውጥቼ ግራሶ ብቀባ ማን ይከፍለኛል? ሰው የሚከፍለው ሲሰበር ነው» ይላሉ። ትክክል ነው። በዚህ አገር ለጥንቃቄ ገንዘብ የሚከፍል ሰው ጥቂት ነው፤ ለድብደባው ግን ይከፈላል፤ መዶሻ ድምፅ ስላለው ሥራ ይመስላል። ብረት ሠሪ ሲናቅ በኖረበት ማኅበረሰብ፣ ቀጥቃጭ ተብሎ በተሰደበበት አገር፣ የእጅ ሙያ ዋጋ ገና በቅጡ አልተተመነም። አፄ ምኒልክ ባለ ሙያን በሙያው መስደብ የሚከለክል አዋጅ ካስነገሩ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኗል። ስድቡ ቀንሷል፤ ዝም ብሎ ዕቃውን በትዕግሥት ላወጣ መካኒክ ከመክፈል ይልቅ በስድስት ምት ላወጣው «ጎበዝ» ብሎ መክፈል ግን አለ። ስለዚህ ክፍያው በስብራት ሳይሆን በምርመራ እንዲሆን፣ ለአንድ ጎማ ይህን ያህል ተብሎ ማኅበሩና ጋራዦቹ አስቀድመው ቢስማሙ መካኒኩም ቸኩሎ መዶሻ አያነሣም።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይባላል። እዚህ ላይ የደበቀው ታምቡሩ ነው፤ ታምቡሩን ያጣበቀው ደግሞ አንድ ማንኪያ የማይሞላ ግራሶ አለመኖሩ ነው።

እስከዚያው ድረስ፣ ማኅበሩም ባለንብረቱም እስኪነቃ፣ ነጂው ራሱ ሊጠይቀው የሚችለው ነገር አለ። ጎማው በማንኛውም ምክንያት በወጣ ቀን፣ ለቁስልም ለቅያሪም ይሁን፣ «ታምቡሩንም አውጣልኝና ሸራውን ልየው» ይበል። በሚመለስበት ጊዜ የሰሚያሱ ጥርስና የቸርኬው መሐል በሽቦ ብሩሽ ይጸዱ፤ ስስ ግራሶ ይቀባ፤ በጣት የሚታፈስ ሳይሆን በጨርቅ የሚጠረግ ያህል። ሸራውና የታምቡሩ ውስጥ ደረቅ ይሁኑ፤ ግራሶ የነካ ጣት እዚያ አይግባ። ዳዶው በሚገባ ይጠብቅ። አሮጌው ኮፒሊያ አንዴ ታጥፎ የተቃና ስለሆነ ተመልሶ አይግባ፤ በምትኩ ሚስማር የሚያስገቡም አሉ፣ ያ ደግሞ ከነጭራሹ አይሆንም። አዲስ ይግዛ፤ ከባጃጁ ዕቃ ሁሉ ርካሹ እሱ ነው።